አሜሪካውያን ስለ ውጭ ጉዳይ ሲጠየቁ፦ ከመቶኛው ቁጥር ጀርባ ያለው

ክቡራትና ክቡራን፤ በዚህ ንግግር የማነሣቸው ዓመታት በሙሉ እንደ አውሮፓ አቆጣጠር መሆናቸውን አስቀድሜ ልናገር።

በጃንዋሪ 2003፣ የኢራቅ ጦርነት ሊጀመር ሁለት ወር ሲቀረው፣ ፒው የተባለው የምርምር ማዕከል ለአሜሪካውያን አንድ ጥያቄ አቀረበ። የሳዳም ሁሴንን አገዛዝ ለማስወገድ በኢራቅ ላይ ወታደራዊ እርምጃ ቢወሰድ ይደግፋሉ ወይስ ይቃወማሉ? 68 ከመቶው እደግፋለሁ አለ፤ 25 ከመቶው ተቃወመ። በዚያው ጥናት ላይ ጥያቄው አንድ ሐረግ ተጨምሮበት ቀረበ፤ «በሺዎች የሚቆጠሩ የአሜሪካ ወታደሮች ሊሞቱ ወይም ሊቆስሉ የሚችሉ ቢሆንም እንኳ» የሚል። ደጋፊው ወደ 43 ወረደ፤ ተቃዋሚው 48 ደረሰ።

ሕዝቡ ያው ሕዝብ፣ ወሩም ያው ወር ነው። ልዩነቱን ያመጣው ያቺ ሐረግ ናት። የመጀመሪያውን ቁጥር ብቻ ይዞ «አሜሪካውያን ጦርነቱን ደገፉ» ብሎ የሚዘግብ ሰው አልዋሸም፤ የነገረን ግን ግማሹን ነው።

«ይህን ያህል ከመቶ አሜሪካውያን ይህን ደገፉ፣ ያን ተቃወሙ» የሚል ዜና በአማርኛ ሚዲያዎቻችንም ዘወትር እንሰማለን። ቁጥሩ ብዙ ጊዜ ትክክል ነው። የሚጎድለው አብሮት መነገር የነበረበት ነገር ነው፤ ጥያቄው እንዴት እንደ ቀረበ፣ ሰዎቹ እንዴት እንደ ተመረጡ፣ ከሁሉ በላይ ደግሞ መላሾቹ ለጉዳዩ ምን ያህል ግድ እንዳላቸው። እኔ ትልቁን ቦታ የምሰጠው ለዚህ ለመጨረሻው ነው፤ እዚያ ለመድረስ ግን በጥያቄውና በናሙናው በኩል ማለፍ የግድ ነው።

ከጥያቄው እንጀምር። ፒው፣ ጋለፕና የቺካጎው የዓለም ጉዳዮች ምክር ቤት የተባሉት የሕዝብ አስተያየት አጥኚ ድርጅቶች ከሪፖርታቸው ጋር የጥያቄውን ሙሉ ቃልና መልሶቹን በቅደም ተከተል የያዘ ሰነድ ያወጣሉ። ዜናውን ከመቀባበል በፊት ይህን ሰነድ መክፈት ያስፈልጋል። በዚያ ውስጥ የመጀመሪያው ነገር ለመላሹ የቀረቡለት አማራጮች ናቸው። «ማዕቀብ ይጣል ወይስ አይጣል» ተብሎ የተጠየቀ ሰው፣ «ማዕቀብ፣ ድርድር ወይስ ምንም አለማድረግ» ተብሎ ከተጠየቀው ጋር አንድ ዓይነት መልስ አይሰጥም። ቀጥሎ ከጥያቄው በፊት ምን ተጠይቆ እንደ ነበር ይታያል። አምስት ጥያቄ ሙሉ ስለ ሽብር ሲጠየቅ የቆየ ሰው ስድስተኛው ስለ ወታደራዊ በጀት ቢሆን፣ ፍርሃቱ አብሮት ይሄዳል። «አላውቅም» የሚለው መልስ ተፈቅዶለት እንደ ነበርም ማየት ያሻል።

ይህ የመጨረሻው ቀላል ነገር አይምሰላችሁ። ሰው ሲጠየቅ አላውቅም ማለት ይከብደዋል። በ1970ዎቹ መጨረሻ በሲንሲናቲ የተካሄደ አንድ ጥናት ፈጽሞ ስለሌለ አንድ ሕግ ሰዎችን ቢጠይቅ፣ ሲሶ ያህሉ እደግፋለሁ ወይም እቃወማለሁ ብለው መልሰዋል። በዲሴምበር 2015 ደግሞ ፐብሊክ ፖሊሲ ፖሊንግ የተባለው ድርጅት አግራባ የምትባል ከተማ በቦምብ ትደብደብ ወይ ብሎ ጠየቀ። አግራባ በልጆች የካርቱን ፊልም ውስጥ እንጂ በምድር ላይ የለችም። ከተጠየቁት የሪፐብሊካን ደጋፊዎች 30 ከመቶው ትደብደብ አሉ። ከዴሞክራቶቹ 19 ከመቶው ተስማሙ፤ 36 ከመቶው ደግሞ የሌለችውን ከተማ ከድብደባ ሊያድኑ ተቃወሙ። የሁለቱም ወገን መላሾች ስለ ከተማይቱ የሚያውቁት ነገር የለም፤ የመለሱት ስሟ ያስታወሳቸውን ነው። ስለዚህ ሰው እምብዛም ስለማይከታተለው አገር፣ ለምሳሌ ስለ ሱዳን ወይም ስለ ሶማሊያ፣ «55 ከመቶው ደገፈ» የሚል ውጤት ስናይ ከዚህ ውስጥ ስንቱ እውነተኛ አቋም እንደሆነ መጠርጠር ተገቢ ነው።

በአንጻሩ አንድን ጥያቄ ቃሉን ሳይለውጡ ለአሥርተ ዓመታት መደጋገም ትልቅ ዋጋ አለው። የቺካጎው ምክር ቤት ከ1974 ጀምሮ አሜሪካ በዓለም ጉዳይ ንቁ ተሳትፎ ብታደርግ ይሻላል ወይስ ከዓለም ጉዳይ ብትርቅ ይሻላል እያለ ይጠይቃል። ከመስከረሙ የሽብር ጥቃት በኋላ፣ በ2002፣ ንቁ ተሳትፎን የመረጠው 71 ከመቶ ነበር። በ2018 70፣ በ2023 ደግሞ 57 ከመቶ ሆነ። እዚህ ላይ የቃሉ ለውጥ ስለሌለ ለውጡ የሰዎቹ ነው ብለን በድፍረት መናገር እንችላለን።

አሁን ወደ ናሙናው። በገበያ እህል የሚገዛ ሰው ኬሻውን ከላይ ብቻ አይቶ አይገዛም፤ እጁን ሰድዶ ከመሃልም ከታችም ይዘግናል። ወሳኙ የዘገነው ብዛት ሳይሆን ከየት የዘገነው ነው። ሊተራሪ ዳይጀስት የተባለው መጽሔት በ1936 ለ10 ሚሊዮን ያህል ሰዎች የድምፅ ወረቀት በፖስታ ልኮ፣ ከ2 ሚሊዮን በላይ መልስ ሰብስቦ፣ በፕሬዚዳንት ምርጫው ሪፐብሊካኑ አልፍ ላንደን ያሸንፋል አለ። ተፎካካሪው ሩዝቬልት ግን ከ48ቱ ክፍላተ አገር በ46ቱ አሸነፈ። መጽሔቱ አድራሻዎቹን የወሰደው በአብዛኛው ከስልክ ማውጫና ከመኪና ባለቤቶች መዝገብ ነበር፤ በዚያ የድህነት ዘመን ስልክና መኪና የነበረው ማን እንደሆነ መገመት አያዳግትም። ወረቀቱን መልሶ ለመላክ የተነሣሣውም ሰው ካልመለሰው የተለየ ነበር። የጋለፕ ድርጅት መሥራች ጆርጅ ጋለፕ ግን እጅግ ባነሰ ናሙና አሸናፊውን በትክክል ተናገረ።

በዕጣ የተመረጠ 1,000 ሰው የስህተት ህዳጉ፣ ማለትም ውጤቱ ከመላው ሕዝብ እውነተኛ አቋም ሊርቅ የሚችልበት መጠን፣ ወደ 3 ነጥብ ወደ ላይና ወደ ታች ነው። 400 ሰው 5 ነጥብ ይሆናል። ህዳጉን ከ3 ወደ 1.5 ለማውረድ ናሙናውን በእጥፍ ሳይሆን በአራት እጥፍ፣ ወደ 4,000 ማሳደግ ያስፈልጋል፤ ወጪውም አብሮ ይንራል። ብዙ ድርጅቶች 1,000 ላይ የሚቆሙት ለዚህ ነው።

ብዙ ዘጋቢ የሚሳሳተው ንዑስ ክፍሎቹ ላይ ነው። ከ1,000 ሰው ውስጥ ከ30 ዓመት በታች የሆኑት 150 ብቻ ቢሆኑ፣ የእነርሱ ህዳግ 8 ነጥብ ይሆናል። «ወጣቶች በአንድ ወር ውስጥ በ6 ነጥብ ሐሳባቸውን ቀየሩ» የሚለው ዜና በእንዲህ ያለ ናሙና ላይ ከቆመ ዜና አይደለም። ሁለት ጥናቶችን ስናነጻጽር ደግሞ የሁለቱም ስህተት ስለሚደመር፣ እያንዳንዳቸው 1,000 ሰው ይዘውም ቢሆን ከ4 ነጥብ በታች የሆነ ልዩነት ለውጥ ነው ብሎ መማል አይቻልም።

ከሂሳቡ ውጭ ያለው ችግር ሰው ስልክ ማንሣት መተዉ ነው። ፒው በ1997 በስልክ ሊያነጋግር ከሞከራቸው 36 ከመቶው ይመልሱለት ነበር፤ በ2018 ይህ ወደ 6 ከመቶ ወረደ። ስለዚህ ዛሬ ፒው ከፖስታ ቤት የአድራሻ ዝርዝር ላይ በዕጣ አድራሻ ያወጣል፤ ደብዳቤ ልኮ ሰዎችን ወደ ቋሚ የመላሾች ስብስብ ይጋብዛል፤ ኢንተርኔት ለሌላቸውም የሚመልሱበትን ሌላ መንገድ ያዘጋጃል። ይህ ውድ ነው። ርካሹ መንገድ ለጥቂት ሳንቲም ወይም ለስጦታ ነጥብ ብለው በፈቃዳቸው የተመዘገቡ ሰዎችን በኢንተርኔት መጠየቅ ነው። ፒው በእንዲህ ያለ ስብስብ ላይ ባደረገው ሙከራ ከ30 ዓመት በታች ከሆኑት 12 ከመቶው የኒውክሌር ሰርጓጅ መርከብ ለማንቀሳቀስ ፈቃድ አለኝ ብለዋል። ሳያነቡ «አዎ» እየነኩ የሚያልፉ መሆናቸው ግልጽ ነው። «ከአሜሪካ ወጣቶች ይህን ያህሉ እንዲህ ያለ አስደንጋጭ ነገር ያምናሉ» የሚል ዜና ሲመጣ መጀመሪያ የሚጣራው ናሙናው የዕጣ ነው ወይስ የፈቃደኞች የሚለው ነው።

መረጃው ከተሰበሰበ በኋላ የናሙናው መልክ ከሕዝብ ቆጠራው ጋር እንዲገጥም ለመላሾቹ ክብደት ይሰጣል፤ በናሙናው ያነሰው ወገን መልስ ከፍ ተደርጎ፣ የበዛው ደግሞ ዝቅ ተደርጎ ይቆጠራል ማለት ነው። በ2016 ምርጫ በክፍላተ አገር የተደረጉ ብዙ ጥናቶች በትምህርት ደረጃ ክብደት አልሰጡም ነበር። ኮሌጅ የጨረሱ ሰዎች ለጥናት በብዛት ይመልሳሉ፤ በዚያ ዓመት ደግሞ ወደ ሂላሪ ክሊንተን ያደሉ ነበር። በውጭ ጉዳይ ላይ ይህ ስህተት የባሰ ነው፤ የተማረው ክፍል ንግድንና ዓለም አቀፍ ትብብርን ከሌላው ይበልጥ ስለሚደግፍ፣ ክብደት ያልተሰጠው ናሙና አሜሪካን ካለችበት ይልቅ ለዓለም ክፍት አስመስሎ ያሳያል።

ጥያቄውም ናሙናውም እንከን የለሽ ቢሆን እንኳ የሰዎቹ መልስ በምን እውቀት ላይ እንደ ቆመ ማየት ያስፈልጋል። የውጭ ርዳታን እንውሰድ፤ ለእኛ ቅርብ ነውና። በ2023 የበጀት ዓመት ርዳታው ከፌዴራል መንግሥቱ ወጪ 1.2 ከመቶ ገደማ ነበር። በዚያ ዓመት ከዩክሬንና ከእስራኤል ቀጥሎ ብዙ የተቀበለችው ኢትዮጵያ ስትሆን ድርሻዋ ወደ 1.8 ቢሊዮን ዶላር ነበር። ኬኤፍኤፍ የተባለው የጤና ፖሊሲ ድርጅት በ2025 መጀመሪያ ሰዎችን ሲጠይቅ ግን አማካይ ግምታቸው ከበጀቱ 26 ከመቶ ሆነ። 58 ከመቶው ርዳታው በዝቷል አለ። ትክክለኛው መጠን 1 ከመቶ ገደማ መሆኑ ሲነገራቸው በዝቷል የሚሉት 34 ከመቶ ሆኑ። ከዚህ ይልቅ የሚደንቀኝ በ2010 የተካሄደው ጥናት ነው። መካከለኛው መላሽ ርዳታው 25 ከመቶ ነው ብሎ ገመተ፤ ስንት ቢሆን ይሻላል ሲባል 10 ከመቶ አለ። ይቀነስ ማለቱ ነበር። የጠየቀው «ቅነሳ» ግን ቢፈጸም ርዳታውን ወደ አሥር እጥፍ ያሳድገው ነበር።

ርዳታ ይቀነስ የሚል ፖለቲከኛ ይህን የተሳሳተ ግምት እንደ ሕዝብ ትእዛዝ ሊቆጥረው ይችላል። ዩኤስኤአይዲ በ2025 ሲፈርስ፣ ከጃንዋሪው ርዳታ የማገድ ትእዛዝ እስከ ጁላይ 1 መዘጋቱ ድረስ፣ ብዙው መራጭ በጀቱ በዚህ ይድናል ብሎ ቢያምን አይፈረድበትም፤ አንድ አራተኛው ለባዕድ ይሄዳል ብሎ የሚያስብ ሰው ነውና። ክሊኒኩና የእህል መጋዘኑ ግን የተዘጋው በግምቱ መጠን ሳይሆን በእውነተኛው መጠን ነው።

ዝርዝር የማያውቅ ሰው አቋሙን ከየት ያመጣል? በአብዛኛው ከሚያምነው የፓርቲ መሪ። ፒው በማርች 2022 ሲጠይቅ ለዩክሬን የሚሰጠው ድጋፍ በዝቷል ያሉት የሪፐብሊካን ደጋፊዎች 9 ከመቶ ነበሩ። በጁን 2023 ይኸው ቁጥር 44 ከመቶ ሆነ። በዚያ መሃል የተለወጠው አንዱ ትልቅ ነገር የፓርቲው ታላላቅ ድምፆች ርዳታውን መቃወማቸው ነው። በእስራኤልና በፍልስጤም ጉዳይም ጋለፕ በፌብሩዋሪ 2025 እንዳገኘው፣ ከዴሞክራቶች 59 ከመቶው ለፍልስጤማውያን ይበልጥ ሲያዝኑ ለእስራኤላውያን የሚያዝኑት 21 ከመቶ ነበሩ፤ ከሪፐብሊካኖች ደግሞ 75 ከመቶው ከእስራኤላውያን ጋር ነበሩ። እንዲህ በሆነ ጊዜ «አሜሪካውያን» የሚለውን አማካይ ቁጥር መጥቀስ ሁለቱንም ወገን አይገልጽም።

መሪዎቹ በአንድ ድምፅ ሲናገሩ ደግሞ ሕዝቡ በባንዲራው ዙሪያ ይሰበሰባል። ትንሹ ቡሽ ከሴፕቴምበር 11 ጥቃት በፊት የነበራቸው ድጋፍ 51 ከመቶ ነበር፤ በሁለት ሳምንት ውስጥ 90 ደረሰ፤ ጋለፕ ከመዘገባቸው ሁሉ ከፍተኛው ነው። ኬኔዲ የኩባው ወረራ ከከሸፈ በኋላ 83 ከመቶ አግኝተዋል፤ ሽንፈት ሆኖ ሳለ ማለት ነው። ዳሩ ግን ይህ ድጋፍ አይቆይም። አባት ቡሽ በ1991 የባሕረ ሰላጤው ጦርነት ማብቂያ 89 ከመቶ ነበሩ፤ በኖቬምበር 1992 ምርጫ ያገኙት ድምፅ 37 ከመቶ ነው። በቬትናም ወታደር መላካችን ስህተት ነበር ያሉት በኦገስት 1965 24 ከመቶ ሲሆኑ በ1971 61 ከመቶ ሆኑ። በኢራቅ ከ23 ወደ 54 ከመቶ ለመድረስ የፈጀው አሥራ አምስት ወር ገደማ ነው።

ሶማሊያ ላይ ትንሽ ልቆይ፤ ብዙ ሰው በተሳሳተ መንገድ የሚያስታውሰው ነውና። የሚነገረው ታሪክ፣ በኦክቶበር 3 እና 4 ቀን 1993 በሞቃዲሾ 18 የአሜሪካ ወታደሮች ተገደሉ፤ አስከሬን ሲጎተት በቴሌቪዥን ታየ፤ ሕዝቡ ውጡ ብሎ ጮኸ፤ ፕሬዚዳንት ቢል ክሊንተን እስከ ማርች 31 ቀን 1994 እንወጣለን አሉ የሚል ነው። ጥናቶቹ ግን ድጋፉ ከዚያ በፊት ጀምሮ መውረዱን ያሳያሉ። በዲሴምበር 1992 ሕዝቡ የደገፈው ለተራበ እህል ማድረስን ነበር። በጁን 1993 24 የፓኪስታን ሰላም አስከባሪዎች ከተገደሉ በኋላ ተልእኮው የሶማሊያውን የጦር አበጋዝ ጄኔራል አይዲድን ማደን ሆነ፤ ለምን እንደ ተለወጠ ለሕዝቡ በቅጡ ያስረዳ መሪ አልነበረም። ድጋፉን የበላው ከሁሉ በፊት ይህ የዓላማ መለወጥ ነው። ዋሽንግተን የወሰደችው ትምህርት ግን «ሕዝባችን አንድም ሬሳ አይችልም» የሚል ሆነ። ከስድስት ወር በኋላ ሩዋንዳ ስትነድድ ይህ አመለካከት በየቢሮው ተቀምጦ ነበር። የተሳሳተ የሕዝብ አስተያየት ንባብ የሰው ሕይወት ያስከፍላል የምለው ለዚህ ነው።

ከሁሉ ይበልጣል ወዳልኩት፣ ወደ ስሜት ጥንካሬው ልምጣ። በጃንዋሪ 2015 ፒው ሲጠይቅ 66 ከመቶ አሜሪካውያን በኩባ ላይ የተጣለው የንግድ ማዕቀብ ይነሣ ብለዋል። ማዕቀቡ ዛሬም አለ፤ በ1996 በወጣ ሕግ ስለ ታሰረም ያለ ኮንግረስ አይነሣም። ከ66ቱ አብዛኞቹ ድምፃቸውን የሚሰጡት በኑሮ ውድነትና በጤና መድን እንጂ በኩባ አይደለም። በደቡብ ፍሎሪዳ ያሉ ብዙ ኩባውያን ግን በኩባ ምክንያት ድምፅ ይሰጣሉ፣ ገንዘብ ያዋጣሉ፣ ይነፍጋሉም።

የስሜት ጥንካሬ ያለ ድምፅ ምን እንደሚሆን የሚያሳየው ደግሞ የእኛው 1935 ነው። የጣሊያን ጦር በኦክቶበር 3 መረብን ሲሻገር በኒው ዮርክ ሃርለም ጥቁር አሜሪካውያን በየቤተ ክርስቲያኑና በየአደባባዩ ተሰበሰቡ፤ ገንዘብ አዋጡ፤ ብዙዎች ለመዝመት ስማቸውን ሰጡ። የቺካጎው አብራሪ ጆን ሮቢንሰን ኢትዮጵያ ገብቶ የንጉሠ ነገሥቱን አየር ክፍል መራ። ነገር ግን በኦገስት 31 የወጣው የገለልተኝነት ሕግ ለተዋጊ ወገኖች ሁሉ መሣሪያ መሸጥን ከልክሎ ነበር፤ ሩዝቬልትም በኦክቶበር 5 ሥራ ላይ አዋሉት። መሣሪያ የሚሠራ ፋብሪካ ያላት ጣሊያን ብዙም አልተጎዳችም፤ ነዳጅ ከክልከላው ውጭ ስለ ነበር የአሜሪካ ነዳጅ መሄዱን ቀጠለ። መሣሪያ ከውጭ የምትገዛዋ ኢትዮጵያ ናት የታነቀችው። የጋለፕ የመጀመሪያው ሳምንታዊ ዘገባ በጋዜጦች የወጣው በዚያው ወር፣ በኦክቶበር 20 ነው። ከሁለት ዓመት በኋላ ጋለፕ ሲጠይቅ አቋም ካላቸው አሜሪካውያን 70 ከመቶው ወደ አንደኛው የዓለም ጦርነት መግባታችን ራሱ ስህተት ነበር አሉ። በዚያ ላይ በደቡብ የሚኖረው ጥቁር ሕዝብ በአብዛኛው የመምረጥ መብቱን ተነፍጎ ነበር። ሃርለም ጮኸች፤ ኮንግረስ ውስጥ የሚፈራት ግን አልነበረም።

ይህ ወገን በ1965 የመምረጥ መብቱ በሕግ ከተጠበቀለት በኋላ ያደረገውን ተመልከቱ። ከኖቬምበር 1984 ጀምሮ በዋሽንግተን የደቡብ አፍሪካ ኤምባሲ ደጃፍ በየቀኑ ሰልፍ እየወጡ በፈቃዳቸው ይታሰሩ ጀመር፤ ዩኒቨርሲቲዎችና አብያተ ክርስቲያናት ተከተሉ። በ1986 ፕሬዚዳንት ሬገን በአፓርታይዷ ደቡብ አፍሪካ ላይ ማዕቀብ የሚጥለውን ሕግ በቪቶ ቢመልሱት፣ የተወካዮች ምክር ቤት 313 ለ83፣ ሴኔቱ 78 ለ21 ሽረው አጸደቁት። ሴኔቱን ይመሩ የነበሩት ደግሞ የራሳቸው የሬገን ፓርቲ ሰዎች፣ ሪፐብሊካኖች ነበሩ።

በአሜሪካ ያለው የኢትዮጵያውያን ማኅበረሰብ ከዚህ የሚወስደው አለ። በኤፕሪል 10 ቀን 2018 የተወካዮች ምክር ቤት ስለ ኢትዮጵያ ሰብአዊ መብት ውሳኔ ቁጥር 128ን አሳለፈ። ስለዚህ ጉዳይ አሜሪካውያን ምን ይላሉ ብሎ መጠየቅ ዋጋ አልነበረውም፤ አብዛኛው ሰው ስለ መኖሩ እንኳ አያውቅም። ከግንባር ቀደም ደጋፊዎቹ አንዱ የኮሎራዶው ሪፐብሊካን ማይክ ኮፍማን ነበሩ፤ ወረዳቸው ብዙ ኢትዮጵያውያን የሚኖሩባትን ኦሮራን ያቅፋል፤ ሁለቱ ፓርቲዎች አጥብቀው የሚፎካከሩበትም ወረዳ ነበር። ውሳኔው አስገዳጅ አልነበረም፤ የአሜሪካንም ገንዘብ አላስወጣም። በ2021 መጨረሻ ኢትዮጵያ ከአጎዋ የንግድ ዕድል እንድትወጣ ሲወሰን ግን ሰልፉ ቢበዛም እገዳው በጃንዋሪ 1 ቀን 2022 ጸና። ውሳኔው በሕግ የፕሬዚዳንቱ ነበር፤ ማኅበረሰቡም በጦርነቱ ምክንያት ራሱ ተከፋፍሎ በየተቃራኒው ጎራ ይሰለፍ ነበር።

አንድ ወገን በየትኛው ደጅ እንደሚጮህ ማወቁ እንግዲህ ከሰልፉ ስፋት አያንስም። አስፈጻሚው የሚወስነውን ነገር ለተወካይ መለመን የሚያስገኘው ቢበዛ ደብዳቤ ነው። ወደ ኮንግረስ አባል ቢሮ ሲደወልም ስልኩን የሚያነሣው ወጣት ሠራተኛ አስቀድሞ የሚጠይቀው ስምና የፖስታ ኮድ ነው፤ ደዋዩ የወረዳው ነዋሪ ካልሆነ ጥሪው አብዛኛውን ጊዜ በቁጥር አይገባም። ከአንድ ወረዳ በሳምንት ውስጥ ስለ አንድ አገር የደወሉ ሁለት መቶ ነዋሪዎች፣ ከመላው አገሪቱ ከመጣ አንድ መቶ ሺህ የኢንተርኔት ፊርማ ይልቅ ተወካዩ ጠረጴዛ ላይ የመድረስ ዕድላቸው የሰፋ ነው። የሕግ ረቂቁን ቁጥር ጠቅሶ «ይደግፉ» ወይም «ይቃወሙ» ብሎ በአንድ ዓረፍተ ነገር መጨረስ ይበቃል፤ ሠራተኛው ስለ ጉዳዩ በዋናነት የሚመዘግበው ቁጥሩንና አቋሙን ነው።